ኮምፒውተራችን እንዲፈጥን ከሟች ባለቤቴ ጋር ስለ መሰረዜ

ለተከበሩ አቶ ወንድይራድ
የ«ለክፉ ቀን» መረዳጃ እድር ሊቀ መንበር
ዲላ

ጉዳዩ፦ በሕይወት መኖሬን ስለ ማሳወቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎን አሞዎት እንደ ነበር ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ። የሰማሁት ከእድሩ መልእክት ሳይሆን ከአንድ ባጃጅ ሾፌር ስለ ሆነ ዘግይቼ በማዘኔ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የእርስዎ ጤና የሁላችንም ጤና ነው፤ እርስዎ አንድ ቀን ቢተኙ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ የሚነግረን አናገኝም። ስለዚህ ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ወገብዎን ያጽናልን፤ ኮምፒውተርዎንም ከዚህ የበለጠ ያፍጥንልን።

እኔ ዘርዓብሩክ እባላለሁ። ያውቁኛል። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ራፖር ጸሐፊ ነኝ፤ ከወንድምዎ ጋር በቡናው መሬት ሲከራከሩ ማመልከቻዎን የጻፍኩልዎ እኔው ነበርኩ፤ ያን ጊዜ «እጅህ ይባረክ» ብለውኛል። ዕድሜ ልኬን ለሌላው አቤት ስል ኖሬ ዛሬ ለራሴ አቤት ልበል ብዬ ብዕር ባነሳ ቃል አጠረኝ፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይሄ ነው።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁትና በእድሩ ቤት በር ላይ የለጠፍኩት፣ እግዜር ያሳይዎ፣ እርስዎን አደባባይ ለማውጣት ፈልጌ አይደለም። በፖስታ አሽጌ ላስገባ ሄጄ ነበር። ጸሐፊያችን ወይዘሮ ራሄል ግን ፖስታውን አገላብጠው አዩና «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፤ አባል ካልሆነ ሰው ደብዳቤ እንዳልቀበል ታዝዣለሁ» ብለው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። በሁለት እጅ መመለሳቸውን ሳላመሰግን አላልፍም፤ አስተዳደግ ነው።

አሁን ምስጋናዬን በየተራው ላቅርብ።

አንደኛ፤ እድራችንን ከጡሩምባ ስላላቀቁ አመሰግናለሁ። ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ማለዳ በየበራችን ያልፋል፤ ውሻው ይጮኻል፤ ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች፤ እኔም ኮቴን እየለበስኩ ከኋላዋ እከተላለሁ። ጡሩምባ ሰው አይመርጥም ነበር፤ የከፈለውም ያልከፈለውም፣ የኛ እድርተኛም የሌላውም፣ ለገበያ የመጣ እንግዳም ሳይቀር ይሰማዋል። ይህ ኋላ ቀርነት አንገብግቦዎት ኮምፒውተር አስገዙልን፤ ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ሰው የሚሞተው በስልክ መልእክት ነው። ስሙ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ሰው ይሰማል፤ ስሙ የሌለ ሰው በሰላም ይቀመጣል። እኔ ከሰኔ ወር ጀምሮ በሰላም ተቀምጫለሁ።

ሁለተኛ፤ የወረቀቱን መዝገብ ስላስወገዱልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያ ጠርዙን አይጥ የበላው ትልቅ ጥራዝ «ሁሉም ኮምፒውተር ገብቷል፤ ከእንግዲህ ምን ይሠራልናል» ተብሎ ገበያ ዳር ላለች ሱቅ ለበርበሬ መጠቅለያ ተሰጥቷል። የእኔና የባለቤቴ ስም ያለበት ገጽ አንድ ሩብ ኪሎ በርበሬ ታቅፎ የአንዱ ጓዳ ገብቶ ይሆናል። ከሆነም እሰየው፤ ቢያንስ የገባነው ሰው ያለበት ቤት ነው።

ሦስተኛ፤ ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ለማያውቁት አንባቢዎች ስል ነገሩን ከሥሩ ብጀምረው ይፈቅዱልኛል ብዬ አምናለሁ፤ ለእርስዎማ ለቀባሪው አረዱት ይሆንብኛል።

ኮምፒውተራችን ከርሞ ከርሞ ዘገመ። አንድ ስም ለማውጣት ሲያጉረመርም ይውል ጀመር፤ ኋላማ ቀብር ውለን፣ እጃችንን ታጥበን ስንቀመጥ ነው የቀብሩ ጥሪ ስልካችን ላይ የሚደርሰው። እርስዎም ይህን ውርደት አልታገስ ብለው ደግነት የሚባለውን የኮምፒውተር ባለሙያ አስመጡ። ደግነት ጨዋ ልጅ ነው፤ ከፍቶ አየና ችግሩን ለሁላችንም በሚገባን ቋንቋ ነገረን። ፋይል የሚባለው ነገር ሲቀመጥ ባዶ ቦታ ባገኘበት እየተቆራረጠ ነው አለ፤ አንዱ ቁራጭ እዚህ፣ ሌላው እዚያ። ኮምፒውተሩ አንዱን ሰው ሙሉ አድርጎ ለማንበብ ልጆቿ ዲላና ይርጋጨፌና ሞያሌ እንደ ተበተኑባት እናት ሲዞር ይውላል። መድኃኒቱ ዲፍራግ የሚባል ሥራ ነው፤ ቁርጥራጩን ለቃቅሞ ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል፤ ያን ጊዜ ይፈጥናል። እውነት ለመናገር ሲነግረን ደስ ብሎኝ ነበር። የተበተነ የሚሰበሰብበት ነገር በዓለም ላይ መኖሩ ራሱ ደስ ይላል።

በዕለቱ እኔም እዚያው ነበርኩ፤ የድንኳኑ ገመድ ተበጥሶ ልቀጥል ነበር የመጣሁት። መብራት መሄዱ አይቀርም፣ በመካከል ከጠፋ ደግሞ ፋይሉ የሚቀመጥበት ዲስክ ይበላሻል ስለ ተባለ ለለቅሶ ቤት የምናውለው ጄኔሬተር ከመጋዘን እንዲመጣ አዘዙ። ጄኔሬተሩን ደግፈው ካመጡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዕድሜዬ የራሴን መሰረዣ ተሸክሜ ማምጣቴን ሳስበው አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ብቻዬን ስስቅ ደግሞ ቤቱ በጣም ዝም ይላል።

ከዚያ ደግነት አንድ እንቅፋት አለ አለ። ይህ ሥራ ቁርጥራጮቹን እያነሳ የሚያሳርፍበት ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ የእኛ ዲስክ ግን ጢም ብሏል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የማያስፈልገው ይጥፋ። ምን ይጥፋ የሚለው ላይ ኮሚቴው ተመካከረ። የፕላስቲክ ወንበሮቹ የተመረቁ ዕለት ሪባን ሲቆርጡ የተነሷቸው ፎቶዎች አሉ፤ እነሱ ታሪክ ናቸው፣ አይነኩም ተባለ። የምረቃው ቪዲዮም ቅርስ ነው ተባለ። በመጨረሻ እርስዎ ወንበርዎ ላይ ተደላድለው «የሞቱትን አጥፋ፤ ቀብረናቸዋል፣ ቤተሰባቸውም የሚገባውን አግኝቷል፤ ከእንግዲህ ምን ይፈልጋሉ?» አሉ። ደግነት አሁንም ጨዋ ልጅ ነውና «ቅጂያቸውን ላስቀምጥ?» ብሎ ጠየቀዎት። እርስዎም «ሟች ቅጂ አያስፈልገውም» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት። እኔም ጥግ ላይ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ መስሎኝ ገመዴን መቋጠሬን ቀጠልኩ።

እዚህ ላይ የባለቤቴ ነገር ይመጣል። ጽጌማርያም ትባል ነበር። ከፍስሐ ገነት ከተማ ወደ ዲላ ስንመጣ እኔ ገና ለሥራ እዚያ እመላለስ ስለ ነበር እድር የገባችው እሷ ናት። ጎረቤት ሳይለምዳት፣ ዕቃ እንኳ ሳትፈታ «መጀመሪያ ቀባሪ ይኑረን» ብላ ሄዳ ተመዘገበች። እኔ በእሷ ሥር «የአባል ባለቤት» ተብዬ ገባሁ፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች፤ ቤታችንም ውስጥ እንደዚያው ስለ ነበር ቅር አላለኝም። ስታርፍ እድራችን የቀበራት አቀባበር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ዝናብ እየወረደባችሁ መቃብሯ አፈር እስኪለብስ አንድ ሰው አልሄደም፤ እርስዎ ራስዎ ክንዴን ይዘው ወደ ቤት መለሱኝ። ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምጽፈው፤ አመሰግናለሁ። በማግስቱም «ፋይሉ ወደ አንተ ይዛወራል፣ አታስብ» አሉኝ። እኔም አላሰብኩም።

አልተዛወረም። ስለዚህ ደግነት የሟቾችን ሲያጠፋ የጽጌማርያምን አጠፋ፤ የጽጌማርያም ውስጥ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ኧረ በሕግ አምላክ! ሰው ከሚስቱ ጋር ልሙት ይላል እንጂ ከሞተች በኋላ በስብሰባ ተወስኖ አብሯት ሲሄድ የት ታይቶ ያውቃል?

ከዚያ ዲፍራጉ ተጀመረ። ስክሪኑ ላይ ቀያይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች እየተንሸራሸሩ ቦታቸውን ሲይዙ ኮሚቴው ቆሎ እየቆረጠመ ለስላሳ እየጠጣ እንደ ኳስ ጨዋታ ተመለከተ። አንዱ አረንጓዴዎቹ ለምን አይንቀሳቀሱም ብሎ ቢጠይቅ ደግነት «እነሱ የሲስተም ፋይሎች ናቸው፤ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም፤ ከተነኩ ሁሉም ነገር ይቆማል» ብሎ መለሰ። እኔም በዚያን ጊዜ የኮሚቴውን አባላት ተራ በተራ አየኋቸው፤ ከስንት ምርጫ ጀምሮ በያሉበት ተቀምጠዋል። ነገሩ ሳይንስ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ሥራው ሲያልቅ ሁላችሁም አጨበጨባችሁ። እኔም አጨበጨብኩ።

አራተኛ፤ ስለ ሰጡኝ ዕረፍት። ይህን ለመጻፍ ትንሽ ይከብደኛልና ቢያዛንፈኝ ይለፉኝ።

ጽጌማርያም ካረፈች ወዲህ ወሬ ወደ ቤቴ የሚገባበት በር ተዘግቷል። ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ማን ተጣላ፣ ሁሉን ይዛ የምትገባው እሷ ነበረች፤ እኔ ተቀምጬ መስማት ብቻ ነበር ሥራዬ። ልጅ አልሰጠንም። አጥር ሥር የምጽፈውም ማመልከቻ ኮምፒውተር ያላቸው ልጆች ከመጡ ወዲህ ቀዝቅዟል። ስለዚህ ከሰው ጋር የምውለው ለቅሶ ቤት ብቻ ነበር። ሰው አይታዘበኝ እንጂ ስልኬ ጮኾ የእድሩን መልእክት ሳይ ለሟቹ ነፍስ ይማር ብዬ ሳልጨርስ ኮቴን ፍለጋ እነሳ ነበር፤ ድንኳን ሥር አግዳሚ ላይ ከሰው ጎን ጉልበት ለጉልበት ነክቼ መቀመጥ፣ «ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉ» መባል፣ የካርታ ተጫዋቾቹን ክርክር ማዳመጥ፣ ወንበር ማንሳት፣ ወንበር ማስቀመጥ። ከሰኔ ወዲህ ስልኬ ላይ የሚመጣው የጥቅል ማስታወቂያ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ላይ «እሰይ፣ ዘንድሮ ሰው መሞት አቆመ» ብዬ ነበር። ይህን ያህል ቂል ነኝ።

አቶ ወልዱን ያውቋቸዋል። ከኮንጋ መጥተው ዲላ የከረሙ፣ ጓሯቸውን በእንሰትና በቡና የሞሉ፣ ጸሎት ቤታቸው ከእኔ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ቢሆንም ልባችን አንድ የነበረ ወዳጄ ናቸው። ከጽጌማርያም ሞት በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ ዳማ እንጫወት ነበር። እሳቸው ያጭበረብራሉ፣ እኔ አያለሁ፣ አላየሁም እላለሁ፤ እንደዚያ ነበር ጨዋታችን። ስልክ አንደዋወልም፤ ቅዳሜ መሆኑ ከበቂ በላይ ቀጠሮ ነው።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ ገበታውን በብብቴ ሸጉጬ፣ ጠጠሮቹን በኪሴ እያንኳኳሁ ሄድኩ። በራቸው ላይ የእድራችን ድንኳን እየተፈታ ነበር። ያ እኔ ገመዱን የቀጠልኩት ድንኳን። ልጆቹ ወንበር እየቆለሉ ነው። አቶ ወልዱ በሳምንቱ አጋማሽ ድንገት አርፈው፣ ተቀብረው፣ ሐዘኑ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ እየተነሣ ነበር። እኔ በለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ የዳማ ገበታ ይዤ፣ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ።

ልጃቸው ሃሌሉያ አየችኝ። ገበታውንም አየች። «ጋሼ ዘርዓብሩክ፣ አሁን ነው የሚመጡት?» አለችኝ። አልሰማሁም አልኳት። «ለሁሉም ሰው መልእክት ደርሷል እኮ፤ ጌዴብ ያሉት ዘመዶቻችን እንኳን መጥተው ቀብረዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላምንም። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን እንደሚባል ያውቃሉ፤ እኔ ራሴ ስለ ሌሎች ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሃሌሉያ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትለኛለች፤ ግን አትቆምም። ቅዳሜዬም በዚያው ቀረ። ይህ ነው የጎዳኝ፣ አቶ ወንድይራድ። ሌላውን ሁሉ ልቀልድበት እችላለሁ።

አምስተኛ፤ ቢሮዎ መጥቼ ስላደረጉልኝ መስተንግዶ። ወንበር ሰጡኝ። ወይዘሮ ራሄልን «እስቲ ፈልጊው» አሏቸው፤ ኮምፒውተሩም በዓይን ጥቅሻ ያህል ፈጥኖ «የለም» አለ። ፍጥነቱ በእውነት ያስመሰግናል፤ ድሮ ቢሆን አለመኖሬን ለማወቅ ግማሽ ቀን እንጠብቅ ነበር። እኔም ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ «ያውቁኛል አይደል?» ብዬ ብጠይቅዎ «እኔማ አውቅሃለሁ፤ ሲስተሙ ነው የማያውቅህ» አሉኝ። ይህን መልስ ሳመላልሰው ሰነበትኩ። ሲስተሙ ሲሞት ማን ይቀብረዋል? እንግዲህ እኔን የሚቀብረኝ የሚያውቀኝ ሰው ሳይሆን የማያውቀኝ ሲስተም ከሆነ፣ ከአሁን በኋላ ጠዋት ጠዋት ሰላምታ የማቀርበው ለማን እንደሆነ ቢያሳውቁኝ እላለሁ።

እጄን አጣጥፌም አልተቀመጥኩም። ደግነትን አስፈቅጄ፣ ኮምፒውተር የምታስተምር ሉሲ የምትባል ጎረቤቱን ይዘን መጥተን ዲስኩን አሳየናት። ልጅቷ ሙሉ ከሰዓት ደከመች፤ እግዜር ይስጣት። በመጨረሻ እየፈራች ነገረችኝ። ፋይል ሲሰረዝ ወዲያው አይጠፋም አለች፤ ኮምፒውተሩ ቦታውን «ባዶ ነው» ይላል እንጂ ያለው ነገር እዚያው ተኝቶ ይቆያል፤ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ብዙ ጊዜ መልሶ ማውጣት ይቻላል። እናንተ ግን ሰርዛችሁ ወዲያው ዲፍራግ ስላደረጋችሁ የሌሎቹ ፋይሎች እየተነሡ ባዶ በተባለው ቦታ ላይ ሄደው ሰፍረዋል። «በእናንተ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦባችኋል፣ ጋሼ» አለችኝ። ማን እንደሆነ ይታወቃል ወይ ብላት በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም አለች። እኔ ግን በጽጌማርያምና በእኔ ላይ ሪባን ሲቆርጡ የተነሷት ፎቶ ተደላድላ ተቀምጣለች ብዬ ጠርጥሬአለሁ። ከሆነች ይመችዎ፤ ሴትዮዬ እንግዳ መቀበል ታውቅበታለች።

የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ብትሰርዙን ብቻ ኖሮ እንመለስ ነበር። ሥርዓት ስታስይዙ ነው የጠፋነው።

ስድስተኛና የመጨረሻው፤ ስላቀረቡልኝ መፍትሔ። እንደ አዲስ አባል እንድመዘገብ በቸርነትዎ ፈቅደዋል። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት አዲስ አባል ስድስት ወር ሳይሞላው ቢሞት እድሩ አይመለከተውም፤ ስለዚህ እስከ ግንቦት ድረስ እንዳልሞት ወይዘሮ ራሄል በትሕትና መክረውኛል። ምክሩን ተቀብዬ ከዝናብ እሸሻለሁ፤ ባጃጅ ሲመጣም ቆሜ አሳልፋለሁ። ምን ይደረግ፤ ሰው ሆኖ ከደንብ የሚያልፍ የለም።

ከዚያ የአባልነቱን ቅጽ ሰጡኝ። የቤተሰብ ብዛት ይላል፤ አንድ አልኩ። ከዚህ ቀደም አባል ነበሩ ወይ ይላል፤ እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁና አልነበርኩም አልኩ፤ ሲስተሙን ውሸታም ማድረግ አልፈለግሁም። ከታች ደግሞ «በሞት ጊዜ የሚጠራ የቅርብ ሰው፣ ስልክ፣ ዝምድና» የሚል መስመር አለ። ይህ መስመር ባዶ ከሆነ ቅጹ ተቀባይነት የለውም፤ እድሩ ለማን ብሎ ሬሳውን ያነሣል፣ ለማንስ ያስተዛዝናል፤ እውነት ነው። ቅጹን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዞር ስል አየዋለሁ፣ ተመልሼ ስመጣ አየዋለሁ። ለሰው ሁሉ ስም ሳልሳሳት ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ እዚያች መስመር ላይ የምጽፈው ስም አጣሁ። ቀባሪ አያሳጣህ የሚሉት ምርቃት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እዚያ ተቀምጬ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አሜን የምለው ለወጉ ያህል ነበር።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ዲስኩን መልሱልኝ አልልም፤ አይመለስም። ባለቤቴንም መልሱልኝ አልልም። በመጪው ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ በድምጽ ማጉያው፣ «ዘርዓብሩክ የወልዱን ለቅሶ ያልደረሰው ንቆ ሳይሆን እኛ ስላልጠራነው ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይበሉልኝ። ኮምፒውተር አያስፈልጋትም፤ ጄኔሬተርም አያስፈልጋትም። አፍ ትበቃታለች። ቢፈልጉ እኔው ጽፌ እሰጥዎታለሁ።

ለዚህ ረጅም ትዕግሥትዎ፣ ለማይነቃነቀው አመራርዎና የሞተውን ከቆመው ሳይለዩ በእኩልነት ለሚያስተናግደው አሠራርዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከነወገብዎ ጤናዎን እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የትናንት አባልዎ፣ የዛሬ ጎረቤትዎ፣
በኮምፒውተሩ ውስጥ ባይኖርም ከቤቱ ጭስ የሚወጣው
ዘርዓብሩክ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ራሄል፤ አባል ካልሆነ ሰው የመጣ ስለ ሆነ ሳያነቡ እንዲያልፉት፤
ለደግነት፤ የታዘዘውን ሥራ በትክክል ስለ ሠራ፣ እንዳይጸጸት፤
ለሃሌሉያ ወልዱ፤ እባክሽ አንብቢው።

ሳልረሳው፦ ቅጹን ሞልቼ ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ ለጥፌዋለሁ። ያቺ መስመር ባዶ መሆን የለባትም ስለ ተባልኩ የማውቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኩ። ባለቤቴ የለችም፤ ወልዱም የሉም። በዚህ ከተማ ስሜን፣ ቤቴን፣ የሚስቴን መቃብር ሳይቀር የሚያውቅ፣ ስልኩም ቀን ከሌት ክፍት የሆነ አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ። ስለዚህ የእርስዎን ስም ጽፌአለሁ። ዝምድና በሚለው ላይ «የሰረዘኝ» ብዬ ሞልቻለሁ፤ ከዚያ የቀረበ ዝምድና አጣሁ። አደራዎን፣ አንድ ቀን ከማያውቁት ቁጥር ቢደወልልዎ ያንሱት፤ የሚነግሩዎት ስለ እኔ ነው።